የእናቴ ድምፅ ያለበት የአረቄ ፊልም

ወንድሜ ፊልም ይተረጉማል። እንዲህ ስል ሰው እንግሊዝኛው የሚያስቀና ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም፤ የእኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ብዙም አላደገም። እሱ የሚያደርገው ፊልሙን ደጋግሞ ማየት ነው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማንን እንደሚወድ ከፊታቸው ያነብና የገባውን በአማርኛ ይናገራል፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። በአንድ ማይክ ወንዱንም ሴቱንም፣ ፖሊሱንም ሌባውንም ሆኖ ያወራል። ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ በሚኒባሱ፣ በፀጉር ቤቱ፣ በየሰዉ ስልክ የሚታየው የእሱ ትርጉም ነው። ሰው ይወደዋል። እኔም ከሩቅ ሲሆን እወደዋለሁ፤ ቆሽቴን የሚያሳርረው ስቀርበው ነው።

የሚኖረው ደሴ፣ ሁለታችንም በተወለድንበት ግቢ፣ ከእናታችን ጋር ነው። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ አረቄ ስታወጣ ኖራለች። እኛን ያበላችን፣ ያስተማረችን፣ እኔንም የዳረችኝ በአረቄ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ጭቃ ቤት ውስጥ ድፍድፉን እሳት ላይ ትጥዳለች፣ እንፋሎቱ በቧንቧ አድርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረው ዕቃ ይወርዳል፣ እሷ ደግሞ ከእሳቱ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ያ ሁሉ ዘመን የተጠራቀመ ጭስ በመጨረሻ ደረቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ሐኪሙ ከጭስ ይራቁ፣ ከደሴ ብርድም ይራቁ፣ ሞቅ ያለ አገር ዘመድ የለዎትም ወይ አላት።

ዘመድ ነው ያለው! እኔ ልጇ፣ የመጀመሪያ ልጇ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ከደሴ እንደወረዱ ኮምቦልቻ ላይ በረንዳ ያለው ቤት አለኝ። ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ የሚገባበት ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ። እሷ ግን ጭሱን ተወችልኝና ብርዱን አልተውም አለች። የአረቄ ዕቃዋን አጣጥባ በጭቃ ቤቷ ቆልፋ አስቀመጠች፤ ከደሴ ንቅንቅ አልልም አለች። አንድ ቀን ምክንያቷ ወባ ነው። ሌላ ቀን ሙቀት ነው። ደግሞ ሌላ ቀን ኮምቦልቻ የመኪና እንጂ የሰው አገር አይደለም ትለኛለች። ሁሉም ሲያልቅባት ቅሬዋን ታነሳለች። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ክርስቲያን እስላም ሳይል ወጥቶ የሚያለቅሰው፣ የሚሸከመው፣ የሚቀብረው የሰፈር ማኅበር። እናቴ እዚያ ቅሬ ውስጥ ያልደረሰችለት ሰው የለም። እሱን ትቼ ማን ሊቀብረኝ ነው የምወርደው ትለኛለች። እኔ ስለ መኖር ሳወራት እሷ ስለ መቀበር ታወራኛለች። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በጥቅምት ሲጀምር ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ሳሏንና የትንፋሿን ፉጨት እሰማለሁ። ያ ብርድ አንድ ቀን እንደሚወስዳት አውቃለሁ፤ ወንድሜም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። የማይነቃነቀው እግሯ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ያ ፊልም የመጣው።

ወንድሜ ደውሎ የእኛን ቤት የሚመስል ፊልም አገኘሁ አለኝ። ዘመኑ በአሜሪካ መጠጥ መጥመቅም መሸጥም በሕግ የተከለከለበት ነው። አንዲት እናት ከሦስት ወንዶች ልጆቿ ጋር ተራራ ላይ ትኖራለች። ጫካ ውስጥ ተደብቀው አረቄ ያወጣሉ፣ በጭነት መኪና ከተማ ያወርዳሉ። ፖሊስ ያሳድዳቸዋል፣ የከተማው ወሮበላ ድርሻዬን ይላቸዋል፣ ጥይት ይዘንባል። እኔ ምን አገባኝ አልኩት። ያገባሻል አለኝ፤ ለካ የእናትየዋን ድምፅ እናታችን እንድትሠራለት አስማምቷታል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። እናቴ ማይክ ይዛ ታየኝ። ከዚያ ስቱዲዮው የት እንደሆነ ሲነግረኝ ሳቄ ጠፋ። ጭቃ ቤቷን ከፍቶታል! ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ጥላሸቱ ድምፅ አያስተጋባም፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ከተሰቀለ የመንገድ ጩኸት አይገባም ይለኛል። ሐኪም ራቂ ያላት ቤት ውስጥ እኮ ነው የከተታት። እሳት የለም ምን ችግር አለው አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር ስነጋገር ሁሌም መጨረሻው ይሄው ነው፤ እኔ በንዴት እጦፋለሁ፣ እሱ ምን ችግር አለው ይላል።

ያም ሆኖ ለጥቂት ሳምንታት እናቴ ስትስቅ ሰማኋት፤ ይህን መደበቅ አልችልም። በደወልኩ ቁጥር የምታወራው ስለዚያ ቤተሰብ ነው። ትልቁ ልጅ ልበ ቢስ ነው፣ ትንሹ ለሚስት ደርሷል፣ እናትየዋ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ እሳቱን ግን አብዝታዋለች። ያሳዘናት ሕጉ ነበር። እሷን ማንም መንግሥት አባሯት አያውቅም፤ ያባረራት ጭስ ብቻ ነው። እኛም ቤት ግን ክልከላ ነበር። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን፣ የእናቴ የቅርብ ባልንጀራ፣ እስላም ናት። እናቴ የረመዳን ወር ከገባ እስኪወጣ እሳት አታነድም፤ የአረቄው ሽታ አጥር ተሻግሮ ፆመኛ ላይ እንዳይደርስ ነው። ማንም አላዘዛትም። የአሜሪካኖቹ መንግሥት በጥይት ከሚያሳድዳቸው እንደ ጎረቤቴ ተፋቅሮ ቢያያቸው ኖሮ ራሳቸው ይተዉት ነበር አለችኝ።

ይባስ ብሎ ጎረቤታችንም ፊልሙ ውስጥ ገባች። መጠጥ ይጥፋ ብላ ሰልፍ የምታስወጣ አንዲት ባለ ባርኔጣ ሴት አለች፤ የእሷን ድምፅ ሰጣት። ትወና አላስፈለጋትም። ዕድሜዋን ሙሉ ለእናቴ ስትለው የኖረችውን አለችው፣ ወላሂ እያለች። እናቴም የመለሰችላት የዘወትሩን ነው። ሁለቱ አሮጊቶች በአሜሪካ ሴቶች አፍ አጥር ለአጥር ሲነታረኩ ይሰማሉ። ወንድሜ ደግሞ ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል መቁረጥ አልሆነለትም። የተዋናዮቹ ከንፈር ገጥሞ እንኳ ፊልሙ ያወራል። ልጅየው ዝም ብሎ እሳት ሲቆሰቁስ የእናቴ ድምፅ ከየት መጣ ሳይባል «ቀንሰው፣ ያርርብሃል» ይለዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ደወልኩ፤ ስልኩን እሷ አነሳች። ድምፇ ሻክሯል፣ ከጀርባዋ የሆነ ነገር ይንፈቀፈቃል። ያንን ድምፅ በሕልሜም አልስተውም። ድፍድፍ ነው። ምንድን ነው እሱ አልኳት። «ለፊልሙ ነው» አለችኝና ሳል አቋረጣት።

በሚኒባሱ ሀረጎን ስወጣ ከንፈሬን እየነከስኩ ነበር። ሹፌሩ በየመታጠፊያው ቀስ ይላል፤ ምነው ቢበር እላለሁ። ግቢው ስደርስ ከጭቃ ቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። ብርድ ልብሱን ገልጬ ገባሁ። እናቴ ዱካዋ ላይ፣ እሳቷ ፊት፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተቀምጣለች። ወንድሜ ማይኩን ወደ ቧንቧው አስጠግቶ አጎንብሷል። አረቄው ጠብ ጠብ ሲል የሚሰማውን ድምፅ እየቀዳ ነው። ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ!

አጠገቤ ያገኘሁትን የውሃ ባልዲ አነሳሁና እሳቱ ላይ ደፋሁት። ቤቱ በእንፋሎትና በአመድ ተሞላ፤ እንፋሎቱ እጄን ላጠው። ይህ ደግሞ ባሰ፤ እናቴ እስትንፋስ እስኪያጥራት አሳላት። ደግፈን ወደ ደጅ አወጣናት፣ አጥሩ ስር አስቀመጥናት። ጎረቤታችን ሮጣ መጥታ ጀርባዋን እያሸች ዱዓ ታደርጋለች። እኔ እግሯ ስር ተንበርክኬ ፊቷን አያለሁ፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ሲመለስ ነው ዞር ብዬ ወንድሜን ያየሁት። ማይኩ አሁንም በእጁ ነው፤ ሳሏን በሙሉ ቀድቶታል። ሳይታወቀው ነው፣ ማጥፋት ረስቶ ነው። እሱም እያለቀሰ ነበርና ሳልሰድበው ቀረሁ።

ያን ቀን ደሴ አደርኩ። የምናውቀውን ንግግር ሁሉ ተናገርኩ፣ እኔ ልቅደምልሽ፣ እባክሽ ውረጂ አልኳት፣ አለቀስኩም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ራሴን ያመኛል አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ፊልሙን ልጨርሰው፣ እሳት የለም፣ የቀረኝ ትንሽ ነው አለ። የቀረው የእናትየዋ ሞት ነበር። ፊልሙ ላይ ሴትዮዋ እያሳለች ትተኛለች፣ ቀጥሎ ሦስቱ ልጆች ሬሳ ሳጥን ተሸክመው ዳገት ሲወጡ ይታያሉ። እናቴ ይህን ስታይ ማይኩን አስቀመጠች። እኔ ሞትኩ አልልም፣ ማንም በእኔ ድምፅ የምትናገር ሴት ሞተች አይልም አለች። ጎረቤታችንም ደገፈቻት፤ በቁሟ ያለችን ሴት ገደላችኋት እኮ፣ ይህ ሟርት ነው አለች። ወንድሜ ራሱን ያዘ። ሳጥኑ ይታያል፣ ምን ልበለው አለ። ሌላ ሰው ነው በል አሉት። ማን? ጎረቤት ነው በል አለች እናቴ። ጎረቤታችን ደግሞ እኔን ነው የምትገድሉኝ ብላ ተቆጣች። እኔ አንድ ጥግ ቆሜ እነዚህን ሦስት ሰዎች አያለሁ፤ ትናንት ሞት ደጃችን ድረስ መጥቶ ተመልሷል፣ እነሱ የአሜሪካ ሬሳ ለማን እንደሚሰጡ ይከራከራሉ።

በመጨረሻ ሳጥኑ ለፖሊስ አዛዡ አጎት ተሰጠ። ታዲያ ሲያሳድዳቸው የከረመውን ሰው አጎት ለምን ይሸከማሉ ብዬ ጠየቅኩ። ሦስቱም እንደ ሞኝ አዩኝ። «ቅሬ ነዋ» አለች እናቴ። የተጣላኸውም ሰው ሬሳው ሲወጣ ትሸከማለህ፤ ይህ መጠየቅ አለበት ወይ? ወንድሜ ወዲያው በትልቁ ልጅ ድምፅ ተናገረው። አዛዡ ቢያሳድደንም ቅሬ ነውና አጎቱን እንሸከማለን፣ ጠቡ ከቀብር መልስ ይደርሳል አለ። ልጆቹ ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ ደግሞ ልባቸው ደግ ስለሆነ ነው ተባለ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አትታይም። ወንድሜ እናትየዋ የት ሄደች ልበል አላት። እናቴ ወደ እኔ አየች። አመዱ የቀረበትን ቀሚሴን፣ በእንፋሎት የተላጠውን እጄን አየች። ማይኩን ራሷ አነሳችና በዚያ በሻከረ ድምፅ ተናገረች።

«ልጆቼ፣ ብርዱ በረታብኝ። እኔ ልጄ ዘንድ ቆላ ወርጃለሁ። እሳቱን አደራ።»

ፊልሙ ላይ ሴት ልጅ የላትም እኮ አለ ወንድሜ። አላት በል አለችው።

ስንት ዘመን ለምኛት ለእኔ ያላለችውን ለማይክ ተናገረችው። ደስ ብሎኝ ልብሷን መሸከፍ ጀመርኩ። ምን ሆነሻል አለችኝ። «ለፊልሙ ነው» አለችኝ ደግሞ። የዛን ቀን ሀረጎን ስወርድ ከወጣሁበት ንዴት የባሰ ንዴት ይዤ ነው የወረድኩት።

ፊልሙ ወጣ። እንዴት አባቱ እንደተወደደ! የሰው ስልክ ሁሉ የእናቴ ድምፅ ሆነ። በሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሰዎች ሳሏን ሲሰሙ ይህቺን ሴትዮ የት አገኟት፣ ሲያስሉ እንኳ ይችሉበታል ተባባሉ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የቀብሩ ቦታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አንዱ አይ ወሎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አሜሪካኖች መሆናቸውን ረስቶት ነው።

ደሴ ያለ ሰው ግን አንድ ነገር በጣም በቁም ነገር ያዘው። እናቴ ወርጃለሁ ብላለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አልወረዱም እንዴ ይሏታል። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴት ልጅዎ ደህና ተቀበለችዎ ወይ አለቻት። የቅሬው ሰብሳቢ ሳይቀር ስብሰባ ላይ እንኳን ለመሰናበት መጡ ብሎ መረቃት። እሷ ፊልም ነው ትላለች፣ እነሱ ይስቃሉ፣ ምርቃታቸውን ይቀጥላሉ። እየደወለች በእኔ ላይ ትጮኻለች፤ ወንድምሽ አሰደበኝ፣ በአፌ ያልኩትን ሳላደርግ ሰው ፊት እንዴት ልቁም ትለኛለች። እኔ ምን አደረግኩ? እኔ እኮ ያልተረጎምኩ ያልተናገርኩ ሰው ነኝ! ጎረቤታችን ስልኩን ተቀብላ አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ኢንሻአላህ ትወርዳለች አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

በጥቅምት ነፋሱ በጀመረ ሰሞን፣ ሳትደውል፣ ብቻዋን በሚኒባስ መጣች። በሩን ከፍቼ ሳያት ቆማለች፤ አንድ ሻንጣ ይዛለች፣ በብብቷ ስር ደግሞ በነጠላ የተጠቀለለ ረዥም ነገር አለ። ገልጬ አየሁት። የአረቄ ቧንቧዋ ነው። ምን ልታደርጊበት ነው አልኳት። ሌባ እንዳይወስደው ነው አለችኝ። ከአልጋዋ ስር አስገባችው።

ሙቀቱ ራሷን አላመማትም። ትንፋሿ በሳምንቱ ተሻለ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ትታዘባለች፣ ስለ ቤቴ አያያዝ ታዝዘኛለች፣ ወጤ ውሃ ነው ትላለች። በየቀኑ ታናድደኛለች፤ በየቀኑም ተመስገን እላለሁ።

ፊልሙን ሙሉውን እንዳላየችው የነገረችኝ ያኔ ነው። አንድ እሁድ በእኔ ቴሌቪዥን ከፈትኩላት፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጆቹን እየተሳደበች፣ ከጎረቤቷ ድምፅ ጋር እንደገና እየተከራከረች አየችው። ሳሉ መጣ። ከዚያ ሦስቱ ልጆች ሳጥኑን ተሸክመው ዳገቱን ጀመሩ፣ ድምፇ ቆላ ወርጃለሁ አለ።

«እሷ ናት አይደል ሳጥኑ ውስጥ ያለችው» አለች።

አይደለችም አልኳት። የፖሊስ አዛዡ አጎት ነው አልኳት። ያን ሁሉ ጊዜ በወንድሜ ውሸት ስናደድ የኖርኩ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ከእሱ በላይ ተርጓሚ ሆንኩ። ቅሬ ስለሆነ ነው የተሸከሙት አልኩ። እናቴ ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን አላነሳችም።

«ልጄ፣ ሰው ለጠላቱ አጎት እንደዚያ አያለቅስም። ያኔም ማን እንደሆነች አውቄያለሁ። ወርጃለሁ ያልኩት አውቄ ነው። ከደሴ ከወረድኩ በእግሬ እንደማልመለስ አውቄ ነው።»

ደሜ ፈላ። ታዲያ ለምን ወረድሽ አልኳት፤ እንደዚያ ካሰብሽው ለምን መጣሽ፣ እኔ ልቀብርሽ ነው እንዴ የለመንኩሽ? ድምፄ ጎረቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እሷ እጄን ያዘች፤ የተላጠው ቦታ ላይ ገና ጠባሳ አለ።

«ያን ቀን አጥሩ ስር ፊትሽን አየሁት» አለች። «እንደዚያ ፈርተሽ አይቼሽ አላውቅም። ብርዱን እችለው ነበር።»

ቴሌቪዥኑን ላጥፋው ብዬ ተነሳሁ፤ ተይው አለችኝ። ልጆቹ ገና ዳገቱን አልጨረሱም፣ ትንሹ ትከሻ እየቀየረ ነው። እናቴ ጣቷን ወደ እነሱ ዘረጋች።

«እኔንም እንዲህ ሽቅብ ትመልሱኛላችሁ። ቅሬዬ ደሴ ነው። ለወንድምሽ ንገሪው፤ ያኔ ምንም እንዳይተረጉም።»

እሺ አልኳት፣ አጠገቧ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፊልሙ አለቀ፣ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ማለፍ ጀመሩ። እኔ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ያለ ፉጨት ይገባል፣ ያለ ፉጨት ይወጣል።